ገጹ የማን ነው?

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ጽሑፍ አሰናድቶ፣ ፊደሉን መርጦ፣ ዓምዱን ለክቶ፣ ቀለሙን አስማምቶ ለሕዝብ ካቀረበ በኋላ አንባቢው ያንን ገጽ እንደ ዓይኑ አቅም ሊለውጠው ይገባል ወይስ አይገባም? ፊደሉን በእጥፍ ቢያጎላው፣ መስመሩ ቢታጠፍ፣ ሥዕሉ ከቦታው ቢንቀሳቀስ፣ ቅር ሊሰኝ የሚገባው ማነው? ያዘጋጀው ነው ወይስ የሚያነበው? መቐለ ላይ ድረ ገጽ በማዘጋጀት እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከጠረጴዛዬ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። የሙያ ጓደኞቼ የቴክኒክ ጉዳይ ነው ብለው ያልፉታል። እኔ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን በቅርብ ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። የታተመ ወረቀት አንዴ ከማተሚያ ቤት ከወጣ አለቀለት፤ ፊደሉ ትንሽ ከሆነ መድኃኒቱ መነጽር ብቻ ነው። ድረ ገጽ ግን እንደዚያ አይደለም። ከአዘጋጁ ኮምፒዩተር ወደ አንባቢው ስልክ የሚላከው ያለቀለት ገጽ ሳይሆን ጽሑፉና ስለ አቀማመጡ የተሰጠ መመሪያ ነው። ገጹን የሚሠራው እዚያው አንባቢው እጅ ላይ ያለው ብራውዘር ነው። አብዛኞቹ ብራውዘሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የተለመደው የፊደል መጠናቸው 16 ፒክስል ነው፤ አንባቢው ከፈለገ ግን ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ 20 ወይም 24 ወይም 32 ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ አዘጋጁ ሁለት ዓይነት መመሪያ መስጠት ይችላል። አንደኛው «አንባቢው ከመረጠው መጠን አንድ እጥፍ ተኩል አድርገህ ርዕሱን ጻፍ» የሚል ነው። ሁለተኛው «12 ፒክስል አድርገህ ጻፍ፤ አለቀ» የሚል ነው። ለሣጥኑም እንዲሁ ነው። «ጽሑፉ በሚፈልገው ልክ ስፋ» ሊባል ይችላል፤ «ቁመትህ 40 ፒክስል ነው፣ ከዚያ አትለፍ» ሊባልም ይችላል። በሁለተኛው መንገድ የተሠራ ገጽ ፊደሉ ሲጎላ ሣጥኑ አብሮት አያድግም። ስለዚህ ጽሑፉ ወይ ከላይና ከታች ይቆረጣል፣ ወይ ከሚቀጥለው መስመር ጋር ይደራረባል፣ ወይ ደግሞ የሚጫነው ቁልፍ ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል።

ልዩነቱ በነጠላና በኮት መካከል ያለው ዓይነት ነው። ኮት የሚሰፋው በአንድ ሰው ልክ ነው፤ ትከሻው የሰፋ ሌላ ሰው ከለበሰው ስፌቱ ይተረተራል። ነጠላ ግን ለቀጭኑም ለወፍራሙም፣ ለአጭሩም ለረጅሙም ያው አንዱ ነጠላ ነው፤ አጣፋዩ እንደ ገላው ያጣፋዋል። ሸማኔውን በዚህ ምክንያት ሙያ የለውም ያለው ሰው አልሰማሁም። ጥለቱን ያስተዋለ ሁሉ ሙያው የት እንዳለ ያውቃል።

ድር ሲፈጠር ነጠላ ሆኖ ነበር የተፈጠረው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን ብራውዘር ስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን ሲሠራ፣ የጽሑፉ መልክ ለአንባቢው ማሽን የተተወ ነበር። ኋላ ንግዱ ሲገባበት አዘጋጆች መልክ መስጠት ፈለጉ፤ ፍላጎቱም ተገቢ ነበር። ኖርዌያዊው ሆከን ቪውም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ሐሳብ ታዲያ የሚያስገርም ነው። የገጹን መልክ አዘጋጁ ብቻውን አይወስንም፤ አንባቢውም የራሱን ምርጫ ያስገባል፤ ማሽኑ ሁለቱን ያስታርቃል የሚል ነበር። «ሲኤስኤስ» የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ሲጸድቅ ግን አንድ ክፍተት ነበረበት። ሁለቱም ወገኖች «ይህ የእኔ ምርጫ የግድ ነው» ብለው ከጠየቁ፣ የሚያሸንፈው አዘጋጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 የወጣው ሁለተኛው ደንብ ይህን ገለበጠው። ሁለቱም የግድ ካሉ፣ የመጨረሻው ቃል የአንባቢው ሆነ። ምክንያቱም በግልጽ ተጽፏል፤ ዓይናቸው ለደከመና የተለየ ነገር ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ተብሎ ነው። ስለ ኮምፒዩተር ደንብ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህች ፍርድ የምትመስል ግን አላጋጠመችኝም።

ደንቡ ተጽፎ ሥራው ግን ሌላ ሆነ። ለዓመታት ዓለምን ሞልቶት የነበረው የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ ስድስተኛው ዕትሙ ድረስ በፒክስል የታሰረን ፊደል አንባቢው በምናሌው እንዲያጎላው አይፈቅድም ነበር። ሙሉውን ገጽ የማጉላት ነገር የመጣው በሰባተኛው ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስልክ ከመጣ በኋላ ደግሞ አዘጋጆች አንባቢው በሁለት ጣቱ ገጹን እንዳያጎላ የሚከለክል አንዲት መስመር መጻፍ ለመዱ። አፕል ይህችን ክልከላ በስልኩ ብራውዘር ላይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ችላ እንድትባል አደረገ። መከልከሉን ያሰበው ሰው ምን ብሎ እንዳሰበው አንዳንዴ እጠይቃለሁ። በር ሠርቶ እጀታውን የነቀለ አናጢ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ ፊደል ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነውና። የላቲን ፊደል በ12 ፒክስል ሲጻፍ ያንሳል እንጂ ይነበባል። የግዕዝ ፊደል በዚያው 12 ፒክስል ሲጻፍ ግን የሚጠፋው መልኩ ብቻ ሳይሆን ትርጉሙ ነው። የእኛ ፊደል አናባቢውን የሚሸከመው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ቤቱ» እና «ቤቴ» የሚለያዩት ከ«ተ» እግር ጎን በተሰካች ጭረትና በግርጌው ባለች ቀለበት ነው። «ልጁ» እና «ልጄ»ም እንዲሁ። ቅጥያዋ ስትደበዝዝ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ልጁ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የላይኛው ምልክትም አለ። ቁመቱ በተወሰነ ሣጥን ውስጥ ፊደሉ ሲጎላ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው አናቱ ነው፤ አናቱ የተቆረጠ «ሸ» ደግሞ «ሰ» ይሆናል፤ «ቸ» «ተ» ይሆናል፤ «ኘ» «ነ» ይሆናል። ስለዚህ «ይሸጣል» የሚለው ማስታወቂያ «ይሰጣል» ተብሎ ይነበባል። ቀልድ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። መቐለ ላይ ችግሩ ድርብ ነው፤ አንባቢው አማርኛም ትግርኛም ያነባል፣ ትግርኛ ደግሞ «ቐ»ን እና «ኸ»ን አብዝቶ ይጠቀማል። የከተማችን ስም ራሱ አናቱ ሲቆረጥ ሌላ ይሆናል።

ደማቅ ጽሑፍ ሌላው ጣጣ ነው። «ጨ»ን፣ «ጪ»ን፣ «ጬ»ን በትንሽ መጠን አድምቀህ ስትጽፋቸው ሆዳቸው በቀለም ይሞላና ሦስቱም ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። የመስመር አቆራረጥም አለ። በብራና ዘመን ቃል የትም ቦታ ይቆረጥ ነበር፤ የቃሉ ማለቂያ በሁለት ነጥብ ስለሚታወቅ አንባቢ አይደናገርም። ዛሬ ሁለት ነጥቡን ትተን ባዶ ቦታ ስለምንጠቀም፣ ቃል መሀል ላይ ሲቆረጥ ዓይን ይደናቀፋል። የሲኤስኤስ ደንብ ጸሐፊዎች ይህን አውቀውታል፤ የግዕዝ ፊደል በሁለቱም ዓይነት እንደሚቆረጥ ስሙን ጠርተው ጽፈዋል። ምርጫው ግን የአዘጋጁ ነው። «እንደሚያስፈልጋቸው» የምትለዋን ባለ 11 ፊደል ቃል በርዕስ መጠን ጽፈህ ጠባብ ስልክ ላይ በእጥፍ አጉላት፤ ወይ ትቆረጣለች ወይ ከስክሪኑ ትወጣለች። አብዛኞቹ ገጾቻችን የሚሠሩት ለእንግሊዝኛ ከተዘጋጀ ቅርጽ ተቀድተው ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ማንም አስቦበት አያውቅም። ፊደላችን በእንግሊዝኛ ቤት ተከራይ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ይኖራል።

ድሮ ከዚህም የባሰ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው፤ ያኔ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። ከዚያ በፊት ፊደላችን በላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ ተደርቦ የሚሠራ ስለነበር፣ ያንኑ ፎንት ኮምፒዩተሩ ላይ ያልጫነ ሰው የሚያየው የማይነበብ የላቲን ውጥንቅጥ ነበር። ከዚህ ለማምለጥ አንዳንዶች ጽሑፉን ፎቶግራፍ አድርገው ይለጥፉት ነበር። በወቅቱ መላ ነበር፤ አልወቅሳቸውም። የሚገርመኝ ዛሬ ነው። ፊደላችን መዝገብ ከገባ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየስልኩም ፎንቱ ተጭኖ ይመጣል። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን አሁንም የተፈረመበትንና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በስልክ ካሜራ አንስተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። ፎቶ ፊደሉ አይጎላም፤ የሚጎላው ብዥታው ነው። በሁለት ጣት ከፍተህ አንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ታሳድዳለህ፤ ጫፉ ስትደርስ የሚቀጥለው መስመር የቱ እንደነበር ይጠፋሃል። ማየት ለተሳነው ሰው በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም ደግሞ «ፎቶ» ብሎ ዝም ይላል። ማኅተሙ እንዲታይ ተብሎ ጽሑፉ እንዳይነበብ ሆነ።

ይህን ጉዳይ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው ያልኩበትን ምክንያት ያስጨበጡኝ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ የመቐለን የጥርብ ድንጋይ ቤት የሚያውቅ የእጃቸውን ሥራ ያውቃል። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ነው፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦባት እንደቆየች፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም አገልግሎቱ ቀስ በቀስ እንደተመለሰ የሚታወቅ ነው። እኒህ ሽማግሌ ኔትወርክ ሲመለስ ልጃቸው ከውጭ ስልክ ላከላቸው፤ የፊደሉን መጠንም እስከ መጨረሻው አጎላላቸው። ከዚያ አንድ የገንዘብ ጉዳይ ነበራቸውና በአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ መሙላት ያለባቸው ቅጽ መጣ። ፊደሉ ጎልቶ ሲከፈት ቅጹ ተደራረበ፤ የገንዘቡ ቁጥር ከስሙ ላይ ወጣ፤ «ቀጥል» የምትለው ቁልፍ የት እንደገባች አልታወቀም። የጎረቤት ልጅ ተጠራ። ልጁም ፊደሉን መልሶ አሳነሰና፣ ጉዳያቸውን ከነገንዘቡ መጠን፣ በረንዳው ላይ ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ ጆሯቸው ይከብዳል ብሎ ነው።

በማግሥቱ አገኘኋቸው። «አቦይ፣ እኔን ቢጠሩኝ ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

«አንተስ ብትሆን ያው አይደል፣ ወደይ» አሉኝ። «እኔ ማንበብ የተማርኩት እኮ ደብዳቤዬን ለሰው ላለማስነበብ ነበር።»

ይህችን ቃል ሳስብ የማስታውሰው በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ የተደረደሩትን ማመልከቻ ጻፊዎች ነው። በአገራችን ያልተማረ ሰው ምሥጢሩን፣ ክሱን፣ ውርሱን፣ የልጁን ደብዳቤ በሌላ ሰው ዓይን ሲያነብና በሌላ ሰው እጅ ሲጽፍ ኖሯል። ማንበብ መቻል ማለት ከዕውቀት በፊት ገመና መሸፈን ነበር። በዘመቻው ፊደል የቆጠሩት ጎልማሶች ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። ማንኛውም ዓይን ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ቅርቡን ማየት ይሰንፋል፤ የእነርሱማ ምኑ ይወራል። ከመቐለ ጎን ያለችው ኲሓ በዓይን ሕክምናዋ የታወቀች ናት፤ ወረፋውን ያየ ችግሩ የጥቂት ሰዎች እንዳልሆነ ይረዳል። እንግዲህ አገር በዘመቻ የሰጠችውን ነገር፣ አንድ ወጣት ባለሙያ «40 ፒክስል» ብሎ በጻፈው አንድ ቃል መልሶ ወሰደው ማለት ነው። ሳያውቀው ይሁን። ሽማግሌው ላይ የደረሰው ግን ባለሙያው በማወቁና ባለማወቁ አይለወጥም።

የሥራ ባልደረባዬ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ብርቱ ልጅ ነው፣ በዚህ አይስማማም። ክርክሩ የሚናቅ ስላልሆነ ላቅርበው። «ወንድሜ፣» ይለኛል፣ «ገጽ የጥበብ ሥራ ነው። ሠዓሊን ሸራህን ሰው እንደፈለገ ይለጥጠው ትለዋለህ? ድሮ ብራና የሚጽፉት ሰዎች የፊደላቸውን መጠን ራሳቸው አይደለም የወሰኑት? ማን ጠየቃቸው?»

ስለ ብራና ያነሣው መልካም ነው፤ እኔንም አስቦኛል። በጎንደር ዘመን «ጉልሕ» የሚባል ሰፋ ብሎ የሚጻፍ ወፍራም አጻጻፍ ነበር፤ «ረቂቅ» የሚባል ቀጭንም ነበር። ቆሞ ለሚያነብ ካህን የሚጻፈው የቅዳሴ መጽሐፍ ትልቅ ነው፤ በማኅደር ተከቶ ከሰው ጋር የሚጓዘው የጸሎት መጽሐፍ ትንሽ ነው። ጸሐፊው መጠኑን የሚወስነው ማን፣ የት፣ በምን ብርሃን እንደሚያነበው እያወቀ ነው። ፊደል ማጉላት ደግሞ ዋጋ ነበረው፤ ፊደሉ በጎላ ቁጥር ብራና ይጨምራል፣ ብራና በጨመረ ቁጥር ፍየል ይታረዳል። ድረ ገጽ ላይ ሁለቱም ነገሮች ተገልብጠዋል። አንባቢውን አናውቀውም፤ ኲሓ ይሁን ሚኒሶታ፣ የ18 ዓመት ይሁን የ80 ዓመት አናውቅም። ፊደሉ ሲጎላ ደግሞ አንዲት ፍየል አትታረድም። ለመስጠት የማይቻለውን ነገር አለመስጠትና በነጻ የተሰጠውን ነገር መንጠቅ አንድ አይደሉም። የብራና ጸሐፊው የመጀመሪያውን አደረገ፤ በፒክስል የሚያስረው ባለሙያ ሁለተኛውን ያደርጋል። ብራውዘሩ ማጉላትን ሰጥቶት ነበርና።

«ታዲያ ስንት ሰው ነው የሚያጎላው?» ይላል እንደገና። ይህ ግን መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ አይመስለኝም። ከመቶ ሰው አንዱ ቢሆን ምን እናድርግ? ደረጃ ሲሠራ መደገፊያው የሚያስፈልገው ለሁሉም አይደለም። የዋጋ ነገር ከሆነ ደግሞ እውነቱን ሁለታችንም እናውቃለን፤ በአንጻራዊ መጠን የተጻፈ ገጽ በፒክስል ከታሰረው ይልቅ አጭር ነው። የሚበዛው ሥራ ከተሠራ በኋላ መጠገኑ ነው። ዓለም አቀፉ መመዘኛም ቢሆን ከባድ ነገር አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፊደሉ እስከ 200 በመቶ ሲጎላ አንዳችም ነገር እንዳይጠፋ ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ስፋቱ 320 ፒክስል በሆነ ጠባብ ስክሪን ላይ አንባቢው ጽሑፉን ለማንበብ ወደ ጎን እንዳይጎትት ታከለበት። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች፤ አዋጁና ገጾቻችን ግን እስካሁን አልተዋወቁም።

አንዳንዶች «ዓይናቸው ለደከመ» ብለው ለብቻው ሌላ ገጽ ይሠራሉ። ሥዕል የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ብዙ ጊዜ ዜናውም ያለፈው ወር ነው። ይህ እንግዳን በጓሮ በር አስገብቶ ማድ ቤት ማስቀመጥ ነው። ምግቡ ያው ቢሆንም እንኳ እንግዳው ገብቶታል። ሌሎች ደግሞ ገጹ ጥግ ላይ ትልቅና ትንሽ «ሀ» ይሰቅላሉ፤ ሲጫኗት ፊደሉ ሁለት ፒክስል ያድጋል፣ ሣጥኑ ግን አያድግም። ያቺ ለጉብኝት ቀን የምትቀባ ቀለም ናት።

ባልደረባዬ እውነት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ግጥም። የግጥም ስንኝ የሚያልቀው ገጣሚው በወሰነው ቦታ ነው። ቤት የሚመታው እዚያ ነው፤ ትንፋሹም እዚያ ነው። ፊደሉ ሲጎላ ስንኙ መሀል ላይ ቢታጠፍ ሁለት ስንኝ ይመስላል፤ ያኔ የተበላሸው ጌጥ ሳይሆን ቃሉ ነው። በአንድ ወቅት ለአንድ የግጥም ገጽ ስንሠራ ሦስት ቀን ተከራክረንበታል። እርሱ ስንኙ እንዳይታጠፍ ይታሰር፣ አንባቢው ወደ ጎን ይጎትት አለ። እኔ ሽማግሌው በየስንኙ ወደ ጎን ሲጎትቱ ታየኝና እንቢ አልኩ። በመጨረሻ መላውን የወሰድነው ከድሮ የታተሙ የግጥም መጻሕፍት ነው። ስንኝ ከዓምዱ ሲረዝምባቸው ትርፉን ቃል ከታች አውርደው፣ ገባ አድርገው ነበር የሚያስቀምጡት፤ አንባቢ የላይኛው ቅጥያ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ የታጠፈው ቁራጭ በሁለት ፊደል ያህል ወደ ውስጥ ገባ፣ መግቢያውም የሚለካው በአንባቢው ፊደል መጠን ሆነ። 16 ላይም 32 ላይም ሞከርነው። በ32 ላይ ከ12ቱ ስንኝ ሰባቱ ታጠፉ። ባልደረባዬ ስልኩን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበውና፣ አንደኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «ይቺ እንኳ ታጥፋም ትመታለች» አለ፤ ስድስቱን ግን እስከ ዛሬ አልወደዳቸውም።